ባልዲ ውስጥ የወደቀችው ካርድ

ይህ የሆነው ባለፈው ዓመት፣ በአንድ እሁድ ነው። ዓይን አፋር ነኝ፤ ሰው ፊት ቃል አይወጣኝም። የዚያን ቀን ግን ተናገርኩ፤ የማልረሳውም ለዚህ ነው።

የምንኖረው የካ፣ ባሕር ዛፉ ሥር ነው። ትምህርቴን ከስድስተኛ ክፍል ካቋረጥኩ ወዲህ ቤት ተቀምጬ የቀሚስ ጥልፍ እጠልፋለሁ። ጓሮ ባለችው ክፍል ሙክታር የሚባል ወጣት በደባልነት ይኖር ነበር። ሥራው መሥሪያ ቤቱ አዲስ ላስመጣው ኮምፒውተር ፕሮግራም መጻፍ ነው። ደግሞም ለመሥሪያ ቤቱ ቡድን ይሮጣል። ማለዳ ቱታውን ለብሶ ወደ እንጦጦ ሽቅብ ሲሮጥ እናቴ፣ «ይሄን ልጅ ማን ነው የሚያሳድደው?» ትል ነበር።

ሙክታር ለአንድ ዓመት የሥራ ልውውጥ ውጭ አገር ለመሄድ ሁለት ጊዜ አመልክቶ ሳይመረጥ ቀርቷል። በሦስተኛው፣ የሚቀበለው ፋብሪካ የሯጮች ቡድን እንዳለው ሰምቶ ሯጭነቱንም ማመልከቻው ላይ ጻፈ። ሰኞ ጠዋት መራጮቹ ፊት ፕሮግራሙን በማሽኑ እንዲያሳይ ተቀጠረ። ፕሮግራሙ ያለው ማሽኑ በተራ በሚያነባቸው፣ ትንንሽ ቀዳዳ ባላቸው ሦስት መቶ ያህል ካርዶች ላይ ነው። ቅዳሜ በካርቶን ይዟቸው መጣ።

እሁድ እሱ ለረጅም ሩጫ ሲወጣ እናቴ ክፍሉን እንዳጥብለት ላከችኝ። ካርቶኑን ከወለሉ አንስቼ ወንበር ላይ ሳስቀምጠው ወንበሩ አዘነበለ። ካርዶቹ በሙሉ ተበተኑ።

ቀዳዳዎቹን ባይ ባይ ምንም አልገባኝም። ቅደም ተከተል እንዳላቸው ግን አልጠፋኝም። ስለቅም በየካርዱ ጠርዝ ላይ ቀይ ነጥብ አየሁ፤ የአንዱ ወደ ግራ፣ የሌላው ወደ ቀኝ። ካርቶኑን ሳነሳ እኮ በካርዶቹ አናት ላይ ከጥግ እስከ ጥግ በሰያፍ የተሰመረ ቀጭን ቀይ መስመር ነበር። ነጥቦቹ የዚያ መስመር ቁራጮች ናቸው። እኛም የተቆረጠ ጨርቅ ስንገጣጥም የጥልፉ ሐረግ እንዳይቋረጥ አድርገን ነው።

ወለሉ ላይ ተቀምጬ ነጥብ ከነጥብ እያስጠጋሁ ደረደርኳቸው። ዓይኔ ደከመ። መጨረሻ ላይ መስመሩ ገጠመ።

ደስ ብሎኝ ልነሳ ስል የማጠቢያው ባልዲ ውስጥ አንዲት ካርድ ተንሳፍፋ አየሁ። ውሃ ጠጥታ አብጣለች። ከሦስት መቶ አንዲት ብትጎድል ማን ያውቃል ብዬ ሻሼ ውስጥ ደበቅኳት።

ሙክታር ላቡን እየጠረገ ገባ። «አጠብሽልኝ? አላህ ይስጥሽ» አለኝ። ቤቴ ገብቼ ጥልፌን አነሳሁ። ክሩ በመርፌው ቀዳዳ አልገባ አለኝ። ተነስቼ ተመለስኩ።

«ጋሼ፣ ካርዶችዎ ተበትነውብኝ ነበር» አልኩ መሬት መሬቱን እያየሁ። እርጥቧን ዘረጋሁለት።

ካርዷን ተቀበለኝ። ከዚያ አንድ ዝርዝር ወረቀት አውጥቶ ካርዶቹን አንድ በአንድ ማመሳከር ጀመረ። በሩ ላይ ቆሜ ጠበቅኩ።

«ሁለት ቦታ ብቻ ተዛንፏል። የመስመሩን ነገር ማን ነገረሽ?»

«ማንም። እንደ ጥልፍ ነው።»

ሳቀ። «ይቺን ደብቀሽ ቢሆን ማሽኑ ዝም ብሎ የተሳሳተ መልስ ይሰጥ ነበር። እኔም ነገ እነሱ ፊት ቆሜ ሳልሮጥ ያልበኛል። ደግሞ እርስዎ አትበይኝ፤ አስረጀሽኝ እኮ።»

ሰኞ አውቶቡስ ሳይጀምር እየሮጠ ወደ መሥሪያ ቤቱ ወረደ፤ በእርጥቧ ፋንታ አዲስ ካርድ ሊያስበሳ። ከሁለት ወር በኋላ ተመርጦ ሄደ።

የሮጠውም የጻፈውም እሱ ነው፤ ድርሻ አለኝ አልልም። ሰው ፊት አሁንም አፍራለሁ። መልሶ የሰጠኝን ያቺን እርጥብ ካርድ ግን አድርቄ ቀይ ክሬን እጠቀልልባታለሁ። ደብቄ አስቀርቻት ቢሆን ኖሮ ዛሬ ከጸጸት የተነሳ ላያትም አልችልም ነበር።