መብሩካ አዋላጇን ስትመርጥ

ሰበታ ገበያ ውስጥ ጨርቅ ሸጣችሁ እህቴን መብሩካን አታታልሏትም። በሁለት ጣቷ አሸት ታደርገውና ሲታጠብ ቀለም ይልቀቅ አይልቀቅ ትነግራችኋለች። ሱቅ ውስጥ አፏ አያርፍም። ሐኪም ፊት ስትቀርብ ግን ዲዳ ትሆን ነበር። በእኛ ቤት የታመመ ሰው ስለ ሕመሙ አይናገርም፤ ባል ወይም ታላቅ ወንድም ይናገርለታል። ይህን እንደ ክብር ነበር የምንቆጥረው።

ሁለት ጊዜ ፅንስ ጨንግፎባታል። በ2007 ዓ.ም. ሦስተኛውን ስታረግዝ ባሏ ጃዕፈር አዲስ አበባ ድረስ ሄዶ ነጋዴው ሁሉ የሚያደንቀውን ስፔሻሊስት አገኘላት። እኔም አብሬ ሄጄ ነበር። ሐኪሙ «እንቅልፍ እንዴት ነው?» ሲል ጃዕፈር ቀድሞ «ደህና ትተኛለች» አለ። እሷ እኮ ሌሊቱን ሙሉ ስትገላበጥ ነው የምታድረው! እሱ የሚያንኮራፋ ሰው ምኑን ያውቃል? በሽታውን የደበቀ መድኃኒት የለውም ይላሉ፤ እህቴ ግን አልደበቀችም፣ የሚጠይቃት ነው ያጣችው። ስንወጣ «ሰውየው አዋቂ ነው፤ ለእኔ ግን አይሆነኝም» አለች።

ከዚያ በኋላ ምርጫውን በራሷ ያዘችው። ፉሪ ያለችው አዋላጅ ገና ሳትቀመጥ ተቆጣቻት። ሌላው ከስልኩ ቀና አላለም። በመጨረሻ እዚሁ ሰበታ፣ ከአስፋልቱ ገባ ብላ ባለች ትንሽ ክሊኒክ ሲስተር ደጊቱን አገኘች። ጃዕፈር እንደ ልማዱ ጉሮሮውን ጠርጎ ሊጀምር ሲል ደጊቱ ፈገግ ብላ «ኦቦ ጃዕፈር፣ እርስዎ ትንሽ ውጭ ይቆዩልን» አለችው። ፊቱን ብታዩት! በሩ ሲዘጋ ወደ እህቴ ዞራ «እሺ መብሩካ፣ አንቺ ንገሪኝ» አለቻት። እህቴ አለቀሰች፤ ከዚያም ሁሉንም ተናገረች።

እህቴም ደጊቱን በጥያቄ አልማረቻትም። «ደም ቢበዛብኝ ምን ታደርጊያለሽ?» አለቻት።

«የሚቻለኝን አደርጋለሁ፤ ካልቆመ ሆስፒታል እልክሻለሁ። ቀዶ ጥገና እኔ ጋ የለም። ስለዚህ መኪና ያለው ሰው ከአሁኑ ፈልጊ። አልትራሳውንዱንም አዲስ አበባ ተነሺና አምጪልኝ።»

መብሩካ ሌላ አልፈለገችም። «የማትችለውን የነገረችኝ እሷ ብቻ ናት» አለችኝ።

ጃዕፈር ግን ተናደደ። «ሰው ምን ይለኛል? ለሚስቱ ሰሰተ ይሉኛል!» አለ። በዚያ ላይ አዲስ አበባን ወደ ዙሪያዋ የገበሬ መሬት ያሰፋል የተባለው የማስተር ፕላኑ ነገር መጣ። ተማሪዎች አደባባይ ወጡ፣ ሰው ታሰረ፣ ሰው ሞተ። የደጊቱ አባት ፉሪ ላይ የሚያርሱት መሬት ነበራቸውና ጃዕፈር «አሁን የእሷ ልብ የት ነው? በዚህ ጊዜ ማን ለማን ያስባል?» ማለት ጀመረ።

«አባቷ መሬታቸው ያሳስባቸዋል፣ እኔን ልጄ» አለችው መብሩካ። «እንቅልፍ የሌለን ሁላችንም ነን።»

«አንድ ነገር ብትሆኚ በራስሽ ነው» ብሎ ወጣ። ያን ቀን በጣም ጠላሁት።

ምጧ በአንድ የታኅሣሥ ጠዋት ጀመረ። ሱቆቹ ተዘግተዋል፤ የጅማ መንገድ ላይ ጎማ ይቃጠላል፣ ከሩቅ ተኩስ ይሰማል። ጃዕፈር መኪና ሊፈልግ ወጥቶ ነበርና እኔና እሷ ውስጥ ለውስጥ ቀስ እያልን ክሊኒኩ ደረስን። ደጊቱ ስንደውልላት ማሳውን አቋርጣ በእግሯ ቀድማን መጥታ ነበር፤ ጫማዋ አቧራ በአቧራ ሆኗል። እህቴን ተቀብላ «ጃባዹ፣ በርቺ» አለቻት።

ቀትር ላይ ጃዕፈር እየሮጠ ገባ። «ወደ ሆስፒታል የሚወስደን መኪና ደጅ ቆሟል። በፉሪ በኩል ለጊዜው ያሳልፋሉ ይላሉ፤ አሁን ካልሄድን መንገዱ ይዘጋል!» አለ። ደጊቱ መብሩካን እንደገና መረመረቻት፣ የልጁን የልብ ምት አዳመጠች። «እስካሁን የሚያሰጋ ነገር የለም። መንገድ ላይ ምን እንደሚያጋጥማችሁ ግን አላውቅም» አለች።

ጃዕፈር እኔን አየኝ። ላቡ በግንባሩ ይወርዳል። ከዚያ አልጋው አጠገብ ጎንበስ አለና «መብሩ፣ አንቺ ምን ይሻልሻል?» አላት። ከተጋቡ ጀምሮ ስለ ገላዋ ሲጠይቃት ለመጀመሪያ ጊዜ የሰማሁት ያኔ ነው።

«እዚሁ» አለች ጥርሷን ነክሳ። «አንተም አትሂድ።»

የከሰዓት በኋላው የዐስር ሶላት አዛን ሳይሰማ ሴት ልጅ ተገላገለች። ልጅቷ ወዲያው ጮኸች። መብሩካም ብዙ ደም አልፈሰሳትም፤ አልሐምዱሊላህ።

በሰባተኛው ቀን፣ ስም ሲወጣላት፣ ቤታችን በዘመድ ሞላ። ሽማግሌዎቹ እንደ ደንቡ ጃዕፈርን «ማን አልካት?» ብለው ጠየቁት። ጃዕፈር ግን «እናቷን ጠይቋት» አለ። ወንዶቹ ሁሉ ዞረው እህቴን አዩ። እሷም ልጇን እንደታቀፈች፣ ድምፅዋን ሳትቀንስ «ኢክላስ» አለች። እኔ ከጓዳ ሆኜ እልል አልኩ፤ ማንም ሊያስቆመኝ አልቻለም።