ለእንግዳ ብቻ የሚከፈት ቤተ መጻሕፍት

ልጄ አራተኛ ክፍል ሳለች ማታ ከመተኛቷ በፊት ስትጸልይ እሰማት ነበር፤ «ማርያምዬ፣ ነገ እንግዳ አምጪልን።» እኔ ሞኟ ደስ አለኝ። እንግዳ የምትወድ ልጅ አሳደግሁ ብዬ ሱቄ ለሚመጣው ሁሉ አወራሁ። አንድ እሑድ ታዲያ የምር እንግዳ መጥቶብን፣ ዶሮ ተሠርቶ፣ ልጅቷ ፊቷን አኮሳትራ ጓዳ ገባች። ተከትያት ገብቼ «ምነው? ስትለምኚው የከረምሽው እንግዳ አይደል እንዴ?» ብላት፣ «የኛን ቤት አይደለም፣ የትምህርት ቤቱን ነው» አለችኝ።

ነገሩ እንዲህ ነው። ትምህርት ቤታቸው ቤተ መጻሕፍት አለው፤ ያውም እንዴት ያለ! አምቦ ውስጥ እንደሱ ያለ የለም እየተባለ ይወራለታል። መደርደሪያው ቀለም የተቀባ፣ መጽሐፉ አንድም ጥጉ ያልታጠፈ። በሩ ላይ «ጸጥታ ይከበር» የሚል ተለጥፏል። ይከበራል እንጂ! በሩ ተቆልፎ ማን ይረብሻል? ቁልፉ የሚኖረው ዳይሬክተሩ ኪስ ውስጥ ነው፤ የሚወጣውም ከወረዳ ወይም ከዞን ጎብኚ ሲመጣ ነው። ያኔ ከአራተኛ ክፍል ንጹሕ ዩኒፎርም የለበሱ ልጆች ተመርጠው ይገባሉ፣ መጽሐፍ ይታደላቸዋል፣ እንግዶቹ «ጎበዞች!» ብለው ፎቶ ያነሳሉ፣ ይሄዳሉ። መጽሐፉ ይሰበሰባል፣ በሩ ይቆለፋል። የንባብ ባህል ማዳበር ይሉታል ይህን።

የእኔ ልጅ፣ ሳሙና ከማይጠፋበት ቤት ስለምትወጣ ነው መሰለኝ፣ ሳትመረጥ ቀርታ አታውቅም። ሌሎቹ ልጆች መጽሐፉን ይይዙታል፤ የእኔዋ ጉድ ግን ታነበዋለች። በኦሮምኛ የተጻፈ ታሪክ ነው፤ ፈረሷ የተሰረቀባት አንዲት ልጅ ብቻዋን ፍለጋ ትወጣለች። እንግዳ በመጣ ቁጥር ልጄ ሁለት ሦስት ገጽ ትገፋለች። ፈላጊዋ ወንዝ ዳር ደርሳ ሌባውን ከሩቅ ስታየው፣ የእንግዶቹ ምሳ ደረሰና መጽሐፉ ተሰበሰበ። ከዚያ ወዲህ ማንም ዝር አላለም። ሰኔ ገብቷል። በሚቀጥለው ዓመት አምስተኛ ክፍል ናት፤ አምስተኛ ክፍል አይመረጥም። «እማዬ፣ ፈረሷን ታግኘው አታግኘው ሳላውቅ ልቀር ነው» ብላ ስታለቅስ አንጀቴን በላችው።

በማግስቱ ደሜ እንደፈላ ዳይሬክተሩ ቢሮ ገባሁ። ክፉ ሰው አይደለም፤ በደስታዬም በሐዘኔም ቤቴ መጥቶ ያውቃል።

«መምህር፣ ምናለ ለልጆቹ ቢከፍቱላቸው?» አልኩት።

«እትዬ፣ በፊርማ የተረከብኩት ንብረት እኮ ነው። ልጅ እጅ ከገባ ይቀደዳል፣ ይጠፋል። እኔ ከመጣሁ አንድ መጽሐፍ አልጠፋም» አለኝ፣ ደረቱን ነፍቶ።

«ጠላም ካልተቀዳ አይጎድልም!»

«እርስዎስ ቡፌ ውስጥ በደረደሩት ብርጭቆ ልጆችዎ ውኃ ይጠጡበታል?»

ወይ ጉድ! የእኔ ልጆች የሚጠጡት በፕላስቲክ ኩባያ ነው፤ ቡፌው የእንግዳ ነው። አገሩ ሁሉ እንዲሁ ነው፤ ደህና ደህናው ለእንግዳ፣ ስባሪው ለልጅ። አፍሬ ወጣሁ። ግን ገና ግቢውን ሳልጨርስ አንድ ሐሳብ መጣልኝ፤ ለእንግዳ ከሆነ የሚከፈተው፣ እንግዳማ አለኝ!

የባለቤቴ አጎት ከጉደር መጥተው እኛ ቤት ነበር ያደሩት። ገበሬ ናቸው፣ ፊደል አልቆጠሩም፤ ቁመታቸውና ግርማቸው ግን ሚኒስትር ያስንቃል። የባለቤቴን ኮት አለበስኳቸው። «አንድም ቃል እንዳይናገሩ፤ ራስዎን ብቻ ይነቅንቁ» ብዬ አስጠነቀቅኋቸው። ለዘበኛው «እንግዳ ይዤ መጥቻለሁ» አልኩት። አልዋሸሁም። ከየት እንደመጡ የጠየቀኝ የለም። ዳይሬክተሩ ኮሌታውን እያስተካከለ ከቢሮው ብቅ አለ። እኔን ሲያይ ጠረጠረ፤ ብልጥ ለብልጥ ዓይን ብልጥጥ ሆነ። ግን ኮት የለበሱ ሽማግሌ በር ላይ አቁሞ ማን ማንነት ይጠይቃል? «ኦቦ፣ አካም ጅርቱ!» ብሎ ዝቅ ብሎ ጨበጣቸው። እሳቸው ራሳቸውን ነቀነቁ። ቁልፉ ወጣ።

ንጹሕ ንጹሖቹ ተመርጠው ገቡ። ልጄ የአባቷን አጎት ስታይ ዓይኗ ፈጠጠ፣ ግን ትንፍሽ አላለችም፤ የእናቷ ልጅ አይደለች! መጽሐፏን አንስታ ያቆመችበትን ገለጠች። ሌላ ጎብኚ ቢሆን ይኼኔ ወጥቷል። አጎትየው ግን ወንበር ስበው አጠገቧ ቁጭ አሉና በኦሮምኛ «ምን ይላል? እስቲ ጮክ ብለሽ አንብቢልኝ» አሏት። አንድም ቃል እንዳይናገሩ ብዬ!

አነበበች። ቤታችን ከመማሪያ መጽሐፍ በቀር ሌላ የለም፤ ልጄ እንዲህ ስታነብ ሰምቼ አላውቅም ነበር። ሳትቆራርጥ፣ የሌባውን ድምፅ አወፍራ፣ የልጅቷን አቅጥና። ዕንባዬ መጣ፤ ለምን እደብቃለሁ፣ ኮራሁባት። አጎትየውማ ኮቱንም ግርማውንም ረሱት። ሌባው «ይህን ፈረስ ከገበያ ነው የገዛሁት» ሲል ጠረጴዛውን ደልቀው «ውሸቱን ነው! እንዳታምኚው!» ብለው ጮኹ። መስኮቱ በልጆች ጭንቅላት ተሞላ። እንግዳ ባይኖር ዳይሬክተሩ ያባርራቸው ነበር። መጀመሪያ ሰዓቱን ቶሎ ቶሎ ያይ ነበር፤ በኋላ ማየቱን ተወው።

ልጅቷ ወንዙ ዳር ቆማ ፈረሷን በስሙ ስትጣራ ደወል ተደወለ። ልጄ እንደለመደችው መጽሐፉን ዘግታ ለዳይሬክተሩ ዘረጋችለት።

«ከዚያስ?» አለ ዳይሬክተሩ።

ልጄ ግራ ገብቷት አየችው።

«ፈረሱ መጣላት ወይ?»

«እኔ እንጃ። የቀረው፣ እንግዳ ሲመጣ ነው የሚነበበው» አለችው። በነገር መውጋቷ አልነበረም፤ የምታውቀው ሕግ እሱ ስለሆነ ነው።

ዳይሬክተሩ መጽሐፉን እንደያዘ ቆመ። አጎትየው በቁጣ ያዩታል፣ እኔ መሬት መሬቱን አያለሁ። መጽሐፉን መልሶ ሰጣትና ወደ መስኮቱ ዞረ። «ጫማችሁን አራግፋችሁ ግቡ!» አላቸው።

ማን ያራግፋል! እየተጋፉ ገቡ፤ ወለሉ በአንድ አፍታ ጭቃ በጭቃ ሆነ። ልጄ ያቆመችበትን ገጽ ፈልጋ አገኘችና፣ የምር ተፈቅዶላት እንደሆነ ለማረጋገጥ ቀና ብላ ዳይሬክተሩን ፈለገችው። የቆመበት ቦታ የለም። ወንበር ስላልተረፈ ከልጆቹ ጋር ጭቃው ላይ ተቀምጧል።

«አንብቢ እንጂ!» አላት።