እማማ የተግደረደሩበት ክትባት

በስደት አገር፣ ዌስተን በሚባል ሰፈር ባለ አንድ ነርሲንግ ሆም አረጋውያንን እያጠብኩ፣ እያበላሁ ነው የምኖረው። ኮቪድ ፎቃችን ገብቶ ሰው ጨረሰ። ክትባቱ ሲመጣ ደግሞ ሳይከተቡ የቀሩት በብዛት ጥቁሮቹ ሆኑ። «እነሱ እኮ እምቢ ይላሉ» ሲባል ደሜ ይፈላል።

ካልተከተቡት አንዷ የአገሬ ሰው ናቸው፤ እማማ ነው የምላቸው። ነርሷ በር ላይ ቆማ «ቫክሲን፣ ኦኬ?» አለቻቸው። እጃቸውን ደረታቸው ላይ አድርገው «ኖ ኖ፣ ታንኪው» አሉ። «ሪፊውዝ አደረጉ»፣ እምቢ አሉ ማለቷ ነው፣ ብላ ጋሪዋን ገፋች። በቃ!

ሮጬ ገባሁ። «ምነው እማማ፣ መሞት አማረዎት እንዴ?»

«ኧረ ወዲያ! ገና አንዴ ሲሉኝ ዘልዬ እሺ ልበል? ስግብግብ መሰልኩሽ? ለሌላውም እንዳያንስ ብዬ ነው።»

ልሳቅ ወይስ ልናደድ! እኛ አገር «ብሉ» ሲባል ያልተግደረደረ ማን አለ? ነርሷን ጎትቼ መለስኳት። «በሞቴ! አፈር ስሆን!» አልኳቸው። «እንዲህ ካልሽማ» ብለው እጅጌያቸውን ሰበሰቡ።

ተወግተው ሳያበቁ «ጎረቤቴስ?» አሉኝ። ፊት ለፊት ያሉትን ጃማይካዊ ሽማግሌ ማለታቸው ነው፤ ኤግሊንተን ጎዳና ላይ ፀጉር ሲቆርጡ የኖሩ። ቋንቋ ባይግባቡም ሁሌ አንድ ጠረጴዛ ላይ ነው የሚበሉት።

«እሳቸውስ የምር እምቢ ብለዋል» አልኳቸው።

«ለምን እንደሆነ ጠይቃችኋቸዋል?»

ማን ጠይቋቸው! እማማ መደገፊያ ዎከራቸውን እየገፉ ሄደው አጠገባቸው ቁጭ አሉ። እኔ አስተረጎምኩ፤ ነርሷም ተከትላን ነበር። የሽማግሌው ሚስት ታማ ሐኪም ቤት ብትሄድ «ደህና ነሽ» ብለው መለሷት፤ ብዙም ሳትቆይ ሞተች። ከዚያ ወዲህ ሐኪም አያምኑም።

«እውነትዎን ነው፤ እኔም ብሆን አላምንም» አሉ እማማ። ነርሷ ደነገጠች። «እነሱን ይተዋቸው፤ እኔን ይዩ። ነገ ቁርስ ላይ ከቀረሁ ይቅርብዎ። ከመጣሁ ግን ይወጉ፤ ብቻዬን አያስበሉኝ።»

ሽማግሌው የእማማን ክንድ ትክ ብለው አዩ።

በነጋታው እማማ ክንዳቸው አብጦ፣ ትኩሳት ይዟቸው አገኘኋቸው። ክትባቱ አንዳንድ ሰው ላይ እንዲህ ያደርጋል፤ በማግስቱ ይለቃል። «ዛሬ ይተኙ፣ ቁርስዎን እዚሁ አመጣለሁ» አልኳቸው።

«አብደሻል? ዛሬ ከቀረሁ እኮ ገደልኳቸው!»

ኧረ እንዴት ያሉ ሴት ናቸው! ደግፌ አስነሳኋቸው። ነጠላቸውን አስተካክለው፣ ላባቸውን ጠርገው፣ ምንም እንዳልነካው ሰው አዳራሹ ገቡ። ሽማግሌው ገንፏቸውን ሳይነኩ በር በሩን ያያሉ። እማማን ሲያዩ የሸሚዛቸውን እጅጌ ቁልፍ መፍታት ጀመሩ።