የልብስ ሰፊው ክንድ ላይ ያለች ሰላይ

ሰው በጆሮው ይደክማል ቢሏት ድሮ ትስቅ ነበር። ዘጠኝ ዓመት ማዳመጫ አጥልቃ የአምቡላንስ ጥሪ ስትቀበል ከኖረች በኋላ ግን፣ ድካም በጆሮ ገብቶ አጥንት ውስጥ እንደሚያድር አወቀች። የማታውቀው ሰው ልቅሶ፣ የማታውቀው ሕፃን ሳል፣ «ኧረ በፈጠራችሁ ቶሎ በሉ!» የሚል ጩኸት ሁሉ ልቧ ውስጥ ወንበር ስቦ ይቀመጣል፤ ተነሥቶ የሚሄድ የለም።

የራሷ ጭንቀት ደግሞ ጠረጴዛዋ ላይ ነበር፤ ስልኳ ውስጥ። አባቷ ልብስ ሰፊ ናቸው፤ ስኳር ከያዛቸው አሥራ አንድ ዓመት አልፏል። ክንዳቸው ላይ የካፖርት ቁልፍ የምታህል ክብ መሣሪያ ተለጥፋለች። በየአምስት ደቂቃው ስኳራቸውን እየለካች ለልጃቸው ስልክ ትልካለች፤ ከሰባ ከወረደ ስልኩ ይጮኻል። እሳቸው «ሰላይዋ» ይሏታል። «እናትሽ እንኳ በሕይወት ሳለች እንዲህ አልተከታተለችኝም» ይላሉ።

በዚያ ሳምንት ሰላይዋ ሦስት ጊዜ ዋሸች። ስልኩ በጮኸ ቁጥር ልጅቱ ለጎረቤታቸው ለፀጉር አስተካካዩ ትደውላለች፤ እሱም እየሮጠ ሲገባ ሽማግሌው የስፌት መኪናቸውን እየረገጡ ያንጎራጉራሉ፦

«የተቀደደ ልብስ በክር ይያያዛል፤
የደከመ ገላ በምን ይታገዛል?»

«እህቴ፣ አባትሽ ደህና ናቸው» አላት በሦስተኛው፣ ትንፋሹ ተቆራርጦ። «የምሞተው እኔ ነኝ። ግማሽ ራሱን የላጨሁትን ሰውዬ ወንበር ላይ ትቼ ነው የመጣሁት።»

እሑድ ዕለት ሄዳ ጉዱን አገኘችው። አባቷ ከገበር ትራፊ፣ ላስቲክ ያለው ማሰሪያ ሰፍተው መሣሪያዋ ላይ ጥብቅ አድርገውባታል። ስትጨመቅ ጊዜ ቁጥሩን ዝቅ አድርጋ ታነባለች።

«አባዬ፣ ምንድን ነው ይሄ?»

«ልብስ ነዋ። እሷስ እርቃኗን ትዋል?»

«አባዬ!»

«ደንበኛ ካየው ‹ሰውዬው ሊሞት ነው› ብሎ ጨርቁን ይዞ ይሄዳል፣ ልጄ። እኔ ደግሞ ገና አልጨረስኩም።»

አውልቀው ዳግመኛ እንዳያስሩት አስማለቻቸው። «እሺ» አሉ። እሺታቸው ግን ውኃ የሚቋጥር አልነበረም።

ሐሙስ እኩለ ቀን ላይ ስልኩ ጮኸ። ስልሳ ስድስት። ከዚያ ሃምሳ ስምንት። ከዚያ ሃምሳ አንድ። የፀጉር አስተካካዩ ስልክ ዝግ ነው። ደጅ የቀረችው አምቡላንስ አንዲት ብቻ ናት። የመሥሪያ ቤቱ ደንብ ደግሞ ማንም ለዘመዱ በራሱ ሥልጣን መኪና እንዳይልክ ይከለክላል። ተነሥታ የፈረቃ አለቃዋ ፊት ቆመች።

«ይኼ ስንተኛው ነው?» አላት፣ መነጽሩን ግንባሩ ላይ ሰቅሎ።

«አራተኛው።»

«እህቴ፣ ለቁጥር መኪና አልልክም። ሰውዬውን አነጋግሪና ምልክት አምጪልኝ፤ ለሌላው ሰው እንደምታደርጊው።»

ልክ ነበር። ልክ መሆኑ ነው ያንገበገባት። ደወለች።

«አባዬ፣ እንዴት ነህ?»

«ደህና ነኝ።»

«መርፌህን ተወጋህ?»

«ተወጋሁ።»

«ምሳስ?»

«ምሳ... ሰው መጣ፣ ቸኩያለሁ አለኝ...»

«ያን ማሰሪያ አስረኸዋል?»

«አዎ፤ አስሬዋለሁ።»

ተነፈሰች። እንግዲያው ቁጥሩ ውሸት ነው። ስልኩን ልትዘጋ ጣቷ ወረደና አየር ላይ ቀረ። አባቷ በዕድሜያቸው በመጀመሪያው ጥያቄ ጥፋት አምነው አያውቁም። ይከራከራሉ፣ ያሾፋሉ፣ ይቆጣሉ እንጂ።

ሌላ ጥያቄ ጠየቀቻቸው። ሽማግሌው የደንበኛ ልኬት ደብተር ላይ አይጽፉም፤ የሠፈሩን ወገብና ትከሻ በሙሉ በቃላቸው ነው የያዙት፤ ከእንቅልፍ ቢቀሰቅሷቸው አይስቱም።

«አባዬ፣ የፀጉር አስተካካያችን ሱሪ ወገቡ ስንት ነው?»

የስፌት መኪናው ድምፅ የለም።

«ወገብ...» አሉ፣ እንደ ሕፃን በለሰለሰ ድምፅ። «አንቺ ታውቂው የለም እንዴ፣ እናትዬ?»

ዞራ ጮኸች፦ «ልኬት ጠፋው!»

«ምን?»

«አባቴ ልኬት ጠፋው!»

አለቃው አንድ አፍታ ፊቷን አየ። ምንም ሳይጠይቅ አምቡላንሷን አዘዘ።

«አባዬ፣ ስማኝ። መደርደሪያው ላይ የስኳር ቆርቆሮ አለ።»

«የማን?»

«ያንተ። አውርደው። ሦስት ማንኪያ ብርጭቆ ውኃ ውስጥ ጨምር።»

የማንኪያና የብርጭቆ ድምፅ ሰማች፤ የሆነ ነገር ወደቀ። «ጠጣው፣ አባዬ። እስከ ታች።» ሲውጡ ጉሮሯቸው ይሰማል፤ እሷም አብራ ትውጣለች። ስልኳ ላይ ቁጥሩ አርባ ሰባት ነው። መሣሪያዋ ከደሙ ኋላ እንደምትዘገይ ታውቃለች፤ ለስንት ሰው አስረድታለች። ማወቅ ግን በሽተኛው የገዛ አባት ሲሆን አይጠቅምም።

የአምቡላንሷ ነርስ በሬዲዮው መጣች። «ደርሰናል። ጣታቸውን ስወጋ አርባ አንድ ነው። ነቅተዋል፤ ግን ላብ በላብ ናቸው። በደም ሥር ግሉኮስ ልሰጣቸው ነው።»

 ሬዲዮው እንደገና ተንኮሻኮሸ።

«ማዕከል፣ እዚህ ችግር አለ።»

እጇ ጠረጴዛውን ያዘ።

«እጅጌያቸው ጠባብ ነው። ልቆርጠው ስል መቀሴን ይዘው አልለቅም ብለዋል።»

ከነርሷ ኋላ የአባቷ የታወቀ ቁጣ በሬዲዮው ተሰማ። «በስፌቱ በኩል ተርትሪው እንጂ! ሸሚዝ እንዲህ ይቆረጣል? ማነው ያስተማረሽ?»

አለቃው ሳቀ። እሷ አልሳቀችም፤ አላለቀሰችምም። ማዳመጫዋን አውልቃ ከስልኳ ጎን አስቀመጠችው።

«ሂጂ፣ እያቸው» አላት አለቃው። «ወንበርሽን እኔ እይዝልሻለሁ።»

ልትነሣ ጠረጴዛውን ተደገፈች። መልሳ ተቀመጠች።

«እሄዳለሁ» አለች። «ትንሽ ልቀመጥና እሄዳለሁ።»