የጋሽ ኩኩሉ ክንፍ

ንጋት የተባለው ሬዲዮ ዳንቴል ለብሶ በየቤቱ ቡፌ ላይ በሚጎለትበት ዘመን፣ ከሬዲዮው ይልቅ የሚወደደው የማስታወቂያው ዶሮ ነበር። ጋሽ ኩኩሉ ይሉታል። ሰማያዊ ኮት የለበሰ፣ አናቱ የቀላ፣ ሆዱ ላይ የጣቢያ መምረጫ የተሳለበት አውራ ዶሮ ነው። በጭነት መኪና ላይ ቆሞ ከሰፈር ሰፈር ይዞራል፤ በቀኝ ክንፉ ደረቱን ሁለቴ መታ መታ አድርጎ ወደ ላይ ሲዘረጋው ልጅ አዋቂው «ንጋት ካለ ማን ይተኛል!» ብሎ ይጮኻል። የዚያ ዘመን ሰዎች ዛሬም ሲገናኙ ስለ ዶሮው አውርተው አይጠግቡም። ውስጡ ሰው እንደነበረ የሚያነሳ ግን የለም። በራሱ እግር የሚሄድ ይመስል!

ሰውዬው አለ። በልጁ ቤት፣ የመተኮሻ ጠረጴዛና የተጣጠፈ ፍራሽ በሚቀመጥባት ጠባብ ክፍል ውስጥ ተኝቷል። ባለፈው ክረምት ስትሮክ መትቶት ቀኝ ጎኑንና አንደበቱን ወሰደበት። ጆሮውን ተወለት፤ እሱንም አብሮ ቢወስደው ይሻል ነበር።

የሬዲዮው ፋብሪካ ሲቀጥረው አስምሎታል። የዶሮውን ራስ እንዳጠለቀ ቃል እንዳይተነፍስ፣ ዶሮው እሱ መሆኑንም ለማንም እንዳይናገር። «ዶሮው ሰው መሆኑ የታወቀ ዕለት ተረቱ አለቀ» አሉት። ለሚስቱ ብቻ ነገራት፤ ልጁን የመጋዘን ሠራተኛ ነኝ አላት። ኋላ ፋብሪካው ተዘጋ፣ ያስማሉትም አለፉ። ያን ጊዜ ደግሞ እፍረቱ መጣ። ላባ ለብሼ ስዘል ነው ያሳደግኩሽ ተብሎ ለልጅ እንዴት ይነገራል? ነገ እነግራታለሁ ሲል ሚስቱ ሞተች። ነገ ሲል እሱም ወደቀ።

ልጁ ክፉ አይደለችም። ታጥበዋለች፣ ታገላብጠዋለች፣ ሾርባውን በማንኪያ ታጎርሰዋለች። ፊቱን ግን አታየውም። ለምን እንደሆነ ያወቀው በቅርቡ ነው፤ በራፍ ላይ ቆማ ለጎረቤቷ ስታወራ ሰማት።

«ስድስት ዓመቴ ነው፤ ባዛሩ ላይ ከእናቴ እጅ አመለጥኩ። ሰው ሊረጋግጠኝ ሲል ጋሽ ኩኩሉ ከመኪናው ዘሎ አፈፍ አደረገኝ። ‹አባዬን ጥራልኝ› እያልኩ ብጮህ፣ ብለምነው፣ እናቴ እስክትመጣ ዝም ብሎ አቅፎኝ ቆመ። አባቴማ ከየት ይምጣ? ከካርቶኖቹ ጋር ነዋ! አንድ ቀን እንኳ አብሮኝ ወጥቶ አያውቅም። እኔን ያቀፈኝ ዶሮ ነው።»

ጎረቤቷ ሳቀች። እሷ አልሳቀችም።

እሱ ያን ቀን ሙጫ ሙጫ በሚሸተው ራስ ውስጥ አብሯት አልቅሷል። እንባውን የሚጠርግበት እጅ አልነበረውም፤ ሁለቱም ክንፎች እሷን ይዘው ነበር። «እኔ ነኝ» ማለት ሁለት ቃል ነው። እነዚያን ሁለት ቃላት ሳያሰማት መሞት፣ አሁን አንጀቱን የሚበላው ይህ ብቻ ነው። የቀረውንማ ለምዶታል።

አንድ ቅዳሜ የማስታወቂያው መኪና ሹፌር አሮጌ ንጋት ሬዲዮ በፌስታል ይዞ ሊጠይቀው መጣ። ምስጢሩን ከሚያውቁት በሕይወት የቀረው እሱ ብቻ ነው። ለበሽተኛው አንደበት በእግሩ መጣለት።

ልጅቷ ሬዲዮውን ስታይ ፊቷ በራ። «ውይ! ንጋት! ጋሼ፣ እርስዎም እዚያ ነበሩ እንዴ?»

«ጋሽ ኩኩሉን ጭኜ ያልዞርኩበት መንደር የለም፣ ልጄ።»

«እንግዲያው ያውቁታል! ውስጡ የነበረው ሰው ማን ነበር? በሞቴ ይንገሩኝ፤ ካለም ሄጄ እግሩን ልሳም።»

አባትየው ከትራሱ ቀና ሊል ታገለ። «ንገራት» ሊል ፈልጎ ከጉሮሮው የወጣው ማቃሰት ብቻ ነበር። ሹፌሩ ዞሮ አየው። የሚለምኑትን ዓይኖች አየና «አደራህን» ያሉት መሰለው። ጠቀሰው።

«እሱን ማን ያውቀዋል ልጄ! የዶሮውን ራስ አጥልቆ ይመጣል፣ እንዳጠለቀ ይሄዳል። አባትሽ እንደሁ የመጋዘን ሰው ነው፣ እሱም አያውቀው።»

ሊወጣ ሲል ጎንበስ ብሎ በጆሮው «ሙያ በልብ ነው፣ ወንድሜ። አፌን ታውቀዋለህ» አለውና ትከሻውን ቸብ ቸብ አድርጎ ሄደ። ታማኝ ሰው ነው። እንዲህ ያለ ታማኝ ግን ለጠላትም አይዘዝ።

ልጅቷ ሬዲዮውን ሰካችው። ጥቂት ሲንሿሿ ቆየና አንድ ጣቢያ ያዘ።

«ጋሽ ኩኩሉ ቢኖር አሁን ክንፉን ያነሳ ነበር» አለች፣ ለራሷ።

አባትየው ግራ እጁን ከብርድ ልብሱ ስር ጎትቶ አወጣ። ደረቱን መታ። እንደ ምንም አንድ ጊዜ ደግሞ መታ። ወደ ላይ ሊዘረጋው ሲል እጁ አገጩ ዘንድ ደርሶ ቆመ።

ልጅቷ አየችው። ከስንት ጊዜ በኋላ ፊቱን አየችው።

«ምነው አባዬ? ደረትህን አመመህ?» አለች። «ይሄ ጩኸት ነው እኮ የረበሸህ። ይኸው፣ ይኸው አጠፋሁት።»

ሬዲዮውን ነቀለችው። እጁን ብርድ ልብሱ ስር መልሳ ሸጎጠች፣ ዳር ዳሩን ጠቅጠቅ አደረገችና ሬዲዮውን ደረቷ ላይ አቅፋ ወጣች።