ሦስተኛው ወንበር

ልጄ በስልኳ የድሮ የጠፈር ፊልሞች ስህተት እያየች ትስቃለች። «እማዬ፣ እዪው፣ ሰውዬው ጠፋ።» አየሁት። አውቀዋለሁ።

በደርግ ጊዜ ልደታ ሰፈራችን ቴሌቪዥን የነበራቸው እትዬ ዘነበች ብቻ ነበሩ። እሁድ እሁድ ቴሌቪዥኑ የለበሰውን ዳንቴል ሲገልጡት ጎረቤቱ ሁሉ ይሰበሰባል። የቀበሌው ሊቀመንበር ሶፋው ላይ፣ እኛ ልጆች መሬት ላይ። አንድ እሁድ ይሄው የጠፈር ፊልም ታየ፤ በመንኮራኩሯ ውስጥ ሦስት ሰዎች ተቀምጠዋል። ካሜራው ከዋክብቱን አሳይቶ ሲመለስ ሁለት ሆኑ፤ ሁለቱም ምንም እንዳልተፈጠረ ያወራሉ።

«ሦስተኛውስ የት ሄደ?» አልኩ።

የእትዬ ዘነበች ልጅ ከቤት ከተወሰደ ሳምንቱ ነበር። ሊቀመንበሩ ቴሌቪዥኑን ትቶ አባቴን ያየው ጀመር፣ ጥያቄውን ያስጠናኝ እሱ ይመስል። አባቴ ክንዴን ቆነጠጠኝ።

«ሁለት ናቸው። ከመጀመሪያውም ሁለት ነበሩ» አለኝ።

እትዬ ዘነበች ዓይናቸውን ከቴሌቪዥኑ ሳይነቅሉ፣ «እኔም ሦስት ነው ያየሁት» አሉ።

ያኔ ስለ ፊልሙ የሚያወሩ መስሎኝ ደስ አለኝ።

«ሲቀርጹ ተሳስተው ነው እኮ» ትለኛለች ልጄ። ስልኩን ተቀብዬ ፊልሙን ወደ ኋላ መለስኩት። ሦስት ነበሩ።