ቲቸር ቦትስዋና

ሐረር ተወልዶ ያደገው ኒቆዲሞስ እዚያው ሐረር በአንድ ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት የዜግነት ትምህርት ያስተምራል። ተማሪዎቹ በስሙ አይጠሩትም፤ «ቲቸር ቦትስዋና» ነው የሚሉት። ስለ መንግሥት ሥርዓት ማስረዳት ከጀመረ ቦትስዋናን ሳያመሰግን ከክፍል አይወጣማ! «ሹም የሚጠየቅበት አገር ኢኮኖሚው ራሱ ይከተላል» ይላል።

ከደሴ ተመድባ የመጣችው የኢኮኖሚክስ መምህርት ሥርጉት ይህን ስትሰማ ዝም ማለት አልቻለችም።

«አልማዝ በአልማዝ የሆነ፣ ሕዝቡ አዲስ አበባን እንኳ የማይሞላ አገር ምን ያቅተዋል?» አለችው።

«ኮንጎስ? ማዕድን መች አነሳት?»

ከዚያን ቀን ወዲህ ከሥራ ሲወጡ እስከ ፈረስ መጋላ አደባባይ እየተከራከሩ ይሄዳሉ። እሷ ጋናን ስታነሣ እሱ ሞሪሸስን ያመጣል። ታክሲ የሚጠብቁ ሰዎች «ምርጫ ደረሰ እንዴ?» እያሉ ይስቁባቸዋል። ኒቆዲሞስ ግን እሑድ እሑድ ከተማው ጭር ይልበት ጀመር።

በ2017 ዓ.ም. ጥቅምት ላይ ቦትስዋናን ከነጻነት ጀምሮ የገዛው ፓርቲ በምርጫ ተሸንፎ ሥልጣኑን በሰላም አስረከበ። ኒቆዲሞስ የመምህራን ማረፊያ በሩጫ ገባ።

«አስረከቡ! ሥርዓት ማለት ይሄ ነው!»

«የአልማዝ ገበያ ቀዝቅዞ ነው እንጂ! ኪስ ነው ያወረዳቸው!» አለች ሥርጉት።

ጩኸታቸው ርእሰ መምህሩ ጋሽ ሙክታር ቢሮ ደረሰ። «ወላሂ፣ እናንተን የአፍሪካ ኅብረትም አያስታርቃችሁም» አሉ እየሳቁ። «ዓርብ ተማሪው ፊት ትከራከራላችሁ፤ ኢንሻ አላህ ያኔ ይለይላችኋል።»

ዓርብ አዳራሹ ሞላ። ጋሽ ሙክታር ማይኩን ያዙና፣ «ዛሬ ኒቆዲሞስ የሥርጉትን አቋም፣ ሥርጉት የኒቆዲሞስን አቋም ይዘው ነው የሚከራከሩት» ሲሉ አዳራሹ በሳቅ ተናጋ።

ኒቆዲሞስ ላቡን ጠርጎ መነጽሩን አስተካከለ። አፉን ሲከፍት ግን ቃል አላጠረውም። የካካዎ ዋጋ ሲወድቅ የጋና ገበሬ መንግሥቱን እንዴት እንደሚያኮርፍ፣ ወደብ የሌለው አገር ዕቃው እንዴት እንደሚወደድበት አስረዳ። «እዚሁ ሐረር አጠገብ ያለው የሶፊ ገበሬ ምርቱን የሚያወጣበት መንገድ ሲያገኝ ነው ሹሙን ቀና ብሎ የሚጠይቀው» አለ። ሥርጉት ደነገጠች። ይህን ምሳሌ የነገረችው አንድ ቀን ዝናብ ሲያባርራቸው ሱቅ ደጃፍ ተጠልለው ሳሉ ነበር።

ተራዋ ሲደርስ ተነሣች። «ሞሪሸስ አልማዝ የላትም። ጠቅላይ ሚኒስትሯ ሲሸነፍ ግን ወንበሩን ይለቃል፤ ነጋዴው ነገን ያምናል፤ ያመነ ነጋዴ ደግሞ ፋብሪካ ይተክላል» አለች። እንደ ኒቆዲሞስ መነጽር የምታስተካክል መስላ አፍንጫዋን ስትነካማ ጭብጨባው ጣሪያ ነካ። ማን እንዳሸነፈ የለየ የለም።

ሲወጡ፣ «የምትሰማኝ አይመስለኝም ነበር» አለችው።

«መልስ ላዘጋጅ ብዬ ነበር የማዳምጥሽ። ኋላ ኋላ ግን መልሱን እየረሳሁ ድምፅሽን ብቻ መስማት ጀመርኩ።»

ሥርጉት ሳቀችና፣ «እንግዲያው እሑድም እንከራከራለና!» አለችው።

በየካቲት ሽማግሎች ደሴ ሄዱ፤ ጋሽ ሙክታር ከፊት ነበሩ። አባቷ አቶ ተክለጻድቅ፣ «ልጁ ክርክር ይወዳል አሉ፤ ትዳር እንዴት ይሆናል?» ብለው ጠየቁ።

«ይከራከራል፤ ግን የሷን ሐሳብ ከራሱ ሐሳብ አሳምሮ ያውቀዋል» አሉ ጋሽ ሙክታር።

አቶ ተክለጻድቅ ከት ብለው ሳቁ። «እኔ እስከ ዛሬ ያልቻልኩትን!» አሉና ልጃቸውን መርቀው ሰጡ።

በዳግማይ ትንሣኤ ተጋቡ። አሁን ሐረር ግንብ ላይ ካሉት በሮች አንዱ በሆነው ኤረር በር አጠገብ ቤት ተከራይተው ይኖራሉ። ጎረቤት ጩኸት ሰምቶ ሊያስታርቅ ሲመጣ፣ የተጣሉት በሩዋንዳ ጉዳይ ሆኖ ያገኘዋል።